ሥጋ የማያውቀው ድስት

ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ ሲቆም መስኮቴን እዘጋለሁ። ሰው ብርዱን የፈራሁ ይመስለዋል። ብርዱስ ምንም አላደረገኝ። የሚያስቸግሩኝ ሴቶቹ ናቸው፤ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች በሳህን ይዘው፣ ላዩን በጨርቅ ሸፍነው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ። ጨርቁን ገለጥ ሲያደርጉት የሚወጣው እንፋሎት ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ተሳፋሪው ሚጥሚጣ እየነሰነሰ ይበላል፣ ይሳሳቃል። እኔ አቀርቅሬ ነጠላዬን አስተካክላለሁ።

ባለፈው ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ እግር ሴት ሳልጠይቃት አንዱን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «እማማ፣ ይቅመሱ እንጂ፤ ገና ትኩስ ነው» አለችኝ። ምን እላታለሁ? እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ያዝኩት። ቁልቁለቱን ጨርሰን የሸዋ ሮቢት ሙቀት ፊታችንን እስኪመታን ድረስ እንደያዝኩት ነበር። ልጅቷ ሁለት ሦስቴ ሰረቅ አድርጋ አየችኝ፤ የጃጀሁ ሳይመስላት አልቀረም።

እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ድንች በእኛ ሠፈር ከምግብ አይቆጠርም ነበር። የቆላ ሰው እህሉ ማሽላ ነው፤ እንጀራውም ማሽላ፣ ቂጣውም ማሽላ፣ ሲደርስ እሸቱም ማሽላ። ድንች ደገኛ ብርድ ሲያስጨንቀው የሚበላው ነገር ነው ይባላል። እናቴ ደግሞ ደገኛ ናት። ከደብረ ሲና በላይ ካለ መንደር ለአባቴ ተድራ ከወረደች ጀምሮ የአገሯን ምግብ በስሙ እንኳ አታነሳውም ነበር። ጎረቤት «ደገኛዋ አስካለ» እያለ ሲቀልድባት ፈገግ ብላ ታልፋለች። ቀልዱ ያማት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ጃንሆይ በዙፋናቸው ላይ ከቆዩባቸው የመጨረሻ ዓመታት በአንዱ ክረምቱ ከዳን። ሐምሌ ላይ ጥቂት ቀን ዘንቦ ቀጥ አለ። ማሽላው ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ቆመ፤ ነፋስ ሲነካው የደረቀ ቆዳ ድምፅ ያሰማ ነበር። አባቴ ከጎረቤታችን ከሁሴን ጋር ሆኖ ጥጥ ለቀማ ወደ አዋሽ ወረደ። «ለመስቀል እመጣለሁ» አለን። መስቀል አለፈ። ሁለቱም መምጣቱን መጥተዋል፣ ግን ዓመት ቆይተው ነው፤ ያንን እዚህ አላወራውም።

የሁሴን እናት እትዬ ዘይነባ ይባላሉ። አሊዩ አምባ ተወልደው በባል ወደ እኛ አገር የመጡ፣ ቀጭን፣ እንዝርት ከእጃቸው የማይጠፋ ሴት ነበሩ። የሁሴን ሚስት በወሊድ ስለሞተች ልጇን መዲናን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። መዲና እኩያዬ ነበረች፤ ሁለታችንም ዘጠኝ ዓመት ቢሆነን ነው። በሁለቱ ቤቶቻችን መሃል የቁልቋል አጥር አለ፤ በአጥሩ ሥር እኔና እሷ ያበጀነው ቀዳዳ አለ። ትልልቆቹ በደጃፍ ይመላለሳሉ፣ እኛ በቀዳዳው።

ጥቅምት ላይ የእማዬ ወንድም ጋሼ ተክሌ በጭነት መኪና አናት ላይ ተቀምጦ ከደጋ ወረደ። ሁለት ከረጢት ድንች ይዞ ነበር። ደጋው ላይ ዝናቡ እንደ ልቡ ጥሏል አለ። ከረጢቱን ደጃፋችን ላይ ዘርግፎ «እናንተ ቆለኞች፣ ዛሬ ገና እንደ ሰው ልትበሉ ነው» ሲል እማዬ ሰው እንዳይሰማው እጁን ይዛ ወደ ቤት ጎተተችው። እኔ አንዱን አንስቼ አገላበጥኩት። አፈሩ ጥቁር ነው፤ የእኛ አፈር አይደለም።

«ከየት ነው የሚመጣው?» አልኩት።

«ከመሬት ነዋ። አንዱን ትቀብሪያለሽ። ጊዜው ሲደርስ ብትቆፍሪ አሥር ሆኖ ይጠብቅሻል።»

እኔ ሰው የነገረኝን ሁሉ የማምን ልጅ ነበርኩ። ይህንንም አመንኩ፤ ከሚገባው በላይ አመንኩት።

እማዬ መጀመሪያ ያሰበችው ድንቹን ከፍላ ለእትዬ ዘይነባ ልትሰጥ ነበር። እሳቸው ናቸው እምቢ ያሉት።

«እንጨቱስ አስካለ? ሁለት ቤት ሁለት እሳት ከምናነድ በአንድ ጉልቻ ብናበስለው ምን አለበት? እኔ ደግሞ ድንች ማብሰል የት አውቃለሁ።»

«እኔስ ደስ ባለኝ እትዬ» አለች እማዬ፤ «ድስቴ ግን…»

ያልጨረሰችውን ሁለቱም ያውቁታል። የእኛ ድስት የክርስቲያን ሥጋ በስሎበታል፤ የእሳቸው ደግሞ የእስላም። በእኛ አገር ሰው ተጎራብቶ ይኖራል፣ ሰርግና ለቅሶ አብሮ ይውላል፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ይቀጣል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ነው። ስለዚህ ከሸክላ ሠሪዋ አዲስ ድስት መጣ። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አሟሹት፤ እማዬ ጎመን ቀቅላበት፣ እትዬ ዘይነባ የተወቀጠ ኑግ በጨርቅ አድርገው ውስጡን እስኪያብረቀርቅ አሹት። እኔና መዲና ሰርግ እንዳየ ሰው ቆመን አየን።

«እንግዲህ ይህ ድስት ሥጋ አያውቅም» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«የት ይቀመጥ ታዲያ?» አለች እማዬ። «እኛ ቤት ቢያድር አይከፋዎትም?»

«ከአንቺ ቤት ሌላ የት ይቀመጣል?» አሏት። ይህን ሲናገሩ ከእንዝርታቸው ቀና እንኳ አላሉም።

ያንን ሰሞን እማዬ ሌላ ሰው ሆነች። የደበቀችውን አገሯን ሁሉ ከዚያ ድስት ውስጥ አወጣችው ማለት እችላለሁ። ዘይት የለንም፤ ኑግ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በውሃ አጥልላ በዘይት ፋንታ ታደርገዋለች። ድንቹን ግማሹን በደቃቁ ትከትፈዋለች፣ ግማሹን በትልቁ ትተወዋለች፤ ደቃቁ ፈርሶ መረቁን ያወፍረዋል፣ ትልቁ ሆድ ይይዛል። አንድ እፍኝ የማሽላ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ ስትጨምርበት ለአራት ሰው የማይበቃው ይበቃል። እትዬ ዘይነባ እንጨትና ጨው ያመጣሉ፤ ከጓሯቸው ደግሞ አንድ ሁለት ራስ ሽንኩርትና በሶብላ። ልጣጩም አይጣልም፤ ታጥቦ፣ በብረት ምጣድ ተቆልቶ፣ ጨው ተነስንሶበት ለእኔና ለመዲና ነው። እየተንኮሻኮሸ ሲበላ የዓመቱን ክፋት ያስረሳ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔ በዚያ የረሃብ ሰሞን ደስተኛ ነበርኩ። ይህን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

በየቀኑ ድስቱ ውስጥ አንድ ድንች ይተርፋል። እንዴት ሁልጊዜ አንድ እንደሚተርፍ አልጠየቅሁም፤ እማዬ ከራሷ ድርሻ እንደምታስቀረው ያኔ አልገባኝም። ያቺን አንድ ድንች እኔና መዲና እንካፈላለን። ሕጉን ያወጣችው መዲና ናት፤ እሷ ትከፍላለች፣ እኔ እመርጣለሁ። መዲና መክፈል አትችልበትም፤ ወይም እንደማትችል ታስመስል ነበር። አንዱ ግማሽ ሁልጊዜ ይበልጣል። እኔም ሁልጊዜ ትልቁን እመርጣለሁ። እሷ ትስቃለች።

ኅዳር ሲገባ መዲና ታመመች። ወባ ነበር። ወባ የረሃብ ሌላ ስሙ ይመስለኝ ነበር፣ ሁለቱም በአንድ ሰሞን ስለመጡ። ነጭ፣ መራራ ክኒን ሰጧት፤ ትኩሳቱ ሄዶ ይመለሳል፣ ተመልሶ ይሄዳል። እጇ ከእንዝርት እንጨት ቀጠነ። አንድ ቀን ሊጠይቋት ከመጡት ሴቶች አንዷ እየወጣች «ይቺ ልጅ ደም የላትም። ትንሽ ሥጋ ብታገኝ ትነሳ ነበር» ስትል ሰማኋት። ሴትዮዋ እንደ ዘበት ተናግራ ሄደች፤ እኔ ግን «ትነሳ ነበር» የምትለዋን ቃል ይዣት ቀረሁ።

የገና ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያሉ ደህና ኑሮ ያላቸው ሰዎች ተዝካር አወጡ። እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ልታግዝ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ምሳ ሲቀርብ እጄ ላይ አንድ ቁራጭ ሥጋ ደረሰ። ሥጋ ከቀመስኩ ወራት አልፈውኛል። ሽታው ብቻ ምራቄን ያስውጠኝ ነበር። አልበላሁትም። በሕይወቴ ከሠራኋቸው መልካም ነገሮች አንዱ ይህ ነው ብዬ አስብ ነበር። በጉሎ ቅጠል ጠቅልዬ ቀሚሴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

«ድስቱን ጥጄው ነው የመጣሁ» አለችኝ እማዬ ዕቃ እያጠበች፤ «ሂጂና እሳቱን ተመልከቺ።»

ሮጬ ሄድኩ። እማዬ ስታበስል ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ደቃቁ ድንች ብዙ ሲበስል ይፈርሳል፣ መረቁ ውስጥ ይጠፋል። ሥጋውም እንደዚያው ይጠፋል አልኩ። ከጠፋ ደግሞ ሥጋ መሆኑ ያበቃል፤ ጉልበቱ ብቻ ይቀራል። እትዬ ዘይነባ የከለከሉት ሥጋን እንጂ ጉልበትን አይደለም። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ብልህ መስዬ ለራሴ ታይቼ ነበር። በቢላ አድቅቄ ጨመርኩትና እንጨት ገፋሁበት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ ዘይነባ መዲናን በጀርባቸው አዝለው መጡ። እማዬ ገና አልመጣችም። «ልጅቷ ሳይደክማት ትቅመስ» ብለው ራሳቸው አወጡላት። መዲና አንድ ጉርሻ ዋጠች። ሁለተኛ። ሦስተኛውን ራሷ አፏን ከፍታ ጠበቀች።

«ዛሬ ይጣፍጣል» አለች።

ከሳምንት በኋላ ምግብ ስትጠይቅ ያን ቀን መጀመሪያዋ ነበር። እትዬ ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ እንባቸው መጣ። ደስ ብሏቸው እሳቸውም ጎረሱ። ሲያላምጡ ቆም አሉ። ከአፋቸው አንድ ቀጭን ጅማት አውጥተው መዳፋቸው ላይ አደረጉና ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩት። እማዬ ያን ጊዜ ደጁን ገፍታ ገባች።

«አስካለ» አሉ በቀስታ፣ «ይህ ምንድን ነው?»

እማዬ መዳፋቸውን አየች፤ ድስቱን አየች፤ እኔን አየች። ፊቷ አመድ ሆነ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ለመዲና ብዬ ነው። እንድትነሳ ብዬ ነው።»

እትዬ ዘይነባ ተነስተው ወጡ። በጓሮ በኩል አፋቸውን ሲጉመጠመጡ ሰማን፤ ተጉመጥምጠው፣ ደግመው ተጉመጠመጡ። ያ ድምፅ ማለቂያ ያለው አይመስልም ነበር። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ የለም። «ልጅ ናት» አሉ። «አላህ በልጅ ላይ አይጽፍም። መዲናም ልጅ ናት፤ በእሷም ላይ አይጽፍም።» ስለ ራሳቸው ምንም አላሉም። መዲናን አዘሏትና ሄዱ። መዲና በትከሻቸው ላይ አንገቷን አዙራ ድስቱን ታይ ነበር።

እማዬ አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ድስቱን ወደ አመድ መድፊያው ይዛ ወጥታ በድንጋይ ሰበረችው። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ቆመው «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት እማዬ መዋሸት አታውቅበትም፤ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እኩለ ቀን ሳይሆን ሠፈሩ ሁሉ ሰማ። አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ «ደገኛዋ ሆን ብላ ነው» አለ። በአስካለ ቤት የበሰለ ነገር እንግዲህ የእስላም አፍ አይነካውም ተባለ። እማዬ እንደገና አዲስ ድስት ገዝታ ለብቻዋ አሟሸችው። እዚያ ማዶ ወስዳ ለማሳየት ግን ልቧ አልደፈረም፤ ድስቱ ግድግዳው ሥር ተደፍቶ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ጥሬ ድንች እንልካለን፤ እትዬ ዘይነባ ይቀበላሉ፣ «አላህ ይስጥልኝ፣ ተባረኪ» ይላሉ፣ ይመርቃሉ። ጥሬውን መቀበላቸው እንዴት እንደሚያም የበሰለ ሲቀበሉ ያየ ሰው ያውቀዋል። እኔ በቀዳዳው መሹለክ ተውኩ።

አንድ ቀን ከአጥሩ ሥር «ብርቄ» ብሎ የሚጠራኝ ድምፅ ሰማሁ። መዲና ናት፤ በእንብርክኳ መጥታ ቀዳዳው አጠገብ ተቀምጣለች። ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው። አያቷ የቀቀሉላትን አንድ ድንች በቀሚሷ ጠቅልላ ይዛ ነበር።

«ያ የጨመርሽው ነገር ጣፍጦኝ ነበር» አለችኝ በሹክሹክታ። «ለእማ እንዳትነግሪ።» እማ የምትለው አያቷን ነው።

ከዚያ ድንቹን ለሁለት ከፍላ በቀዳዳው እጆቿን ዘረጋች። እኔ ምን እንደማደርግ አሰብኩ? አላሰብኩም። ልማድ ሆኖብኝ ትልቁን ወሰድኩ። ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት።

ታኅሣሥ ላይ ከማዶ ለቅሶ ተሰማ። መዲናን በዚያው ቀን ቀበሯት። አባቷ አዋሽ ነው፣ አልሰማም። እኔ ከሩቅ ቆሜ ሰዎቹ አፈር ሲመልሱባት አየሁ፣ የጋሼ ተክሌም ወሬ መጣብኝ። ጊዜው ሲደርስ ቢቆፍሩ ብዬ አሰብኩ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በእኛ አገር ለቅሶ ቤት እሳት አይነድም። ጎረቤት ነው አብስሎ እዝን ይዞ የሚሄደው። እማዬ ጠዋት ተነስታ ያንን ተደፍቶ የነበረውን ድስት አነሳች። ከድንቹ ትልልቁን መረጠች። አልላጠችውም፣ አልከተፈችውም፣ ውሃና ጨው ብቻ አድርጋ ከነልጣጩ ቀቀለችው። ልጣጩ የተቀደደ ሲያጋጥማት ታወጣዋለች።

«ልጣጩ ያልተነካ ድንች ውስጥ» አለችኝ፣ «ማንም ምንም ሊጨምር አይችልም።» ለእኔ አልነበረም የምትናገረው።

ሙሉ ሰፌድ አድርጋ እኔን አሸከመችኝ፣ እሷ ከፊት ሄደች። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስንገባ ሁሉም የሚያየው እጄ ላይ ያለውን ሰፌድ ነው። ከሴቶቹ አንዷ፣ ክፉ አይደለችም፣ ተነስታ መጣችና እማዬን በክንዷ ያዘቻት።

«አስካለ፣ አንቺ ግቢ፣ ተቀመጪ። እሱን ግን መልሺው። የሚበላው የለም፤ እንዲያው እንዳታፍሪ ብዬ ነው።»

እማዬ «እሺ» አለች። ወደ እኔ ዞራ ሰፌዱን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። ያን ጊዜ ከቤቱ ውስጥ እትዬ ዘይነባ ወጡ። ሐዘንተኛ ከተቀመጠበት አይነሳም፤ ሴቶቹ «ኧረ ይቀመጡ» እያሉ ተከተሏቸው። እሳቸው አልሰሟቸውም፤ በባዶ እግራቸው ደጃፉን ተሻግረው እኔ ፊት መጥተው ቆሙ።

«የማን እዝን ነው ከቤቴ የሚመለሰው?» አሉ።

ከሰፌዱ ላይ አንድ ድንች አነሱ። ልጣጩን አልላጡትም፤ በሁለት አውራ ጣታቸው መሃሉን ተጭነው ለሁለት ከፈሉት። እንፋሎቱ ፊታችን ላይ ወጣ። እትዬ ዘይነባ ዕድሜያቸውን ሁሉ ጥጥ እኩል ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን አንዱ ግማሽ በልጦ ነበር። ሁለቱንም በሁለት መዳፋቸው ይዘው ወደ እኔ ዝቅ አሉ።

«እሷ ትከፍላለች፣ አንቺ ትመርጫለሽ» አሉኝ። «እንደዚያ አልነበር? በይ ምረጪ።»

ያውቁ ነበር እንግዲህ፤ መዲና ነግራቸው ነበር። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ትንሹን ወሰድኩ።

እትዬ ዘይነባ እጃቸው ላይ የቀረውን ትልቁን ግማሽ ብዙ አዩት። ግቢው ሁሉ እሳቸውን ያያል። ከዚያ ቢስሚላህ ብለው፣ ከነልጣጩ፣ እያለቀሱ በሉት።